ዝሆኑ ምንም አላወቀም፤ ዝርያዎች የሚለወጡት እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሞዛምቢክ ውስጥ አዳኝ ስለበዛባቸው ዝሆኖች ያለ ጥርስ መወለድ ጀመሩ የሚል ነገር አንብቤ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ‹ዝሆኑ የሚገደለው በጥርሱ ምክንያት መሆኑን በምን አወቀ?› አለኝ። መልስ አጣሁ። ሌላዋ ደግሞ ‹እንዲህ መለወጥ ከቻሉ ታዲያ እንስሳት ለምን ይጠፋሉ?› ብላ አከለችበት። ‹ዝንጀሮ ዛሬ ለምን ሰው አይሆንም?› የሚለውማ በየዓመቱ አይቀርልኝም። እንስሳት ራሳቸውን ለማዳን የሚለወጡት በምን መንገድ ነው? ለልጆቹስ ምን ብዬ ላስረዳ?»

ምላሽ፦ ልጁ ልክ ነው። ዝሆኑ ምንም አላወቀም። ሰውነቱም አላወቀም። ችግሩ ያለው እርስዎ የነገሯቸው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «አዳኝ ስለበዛባቸው ያለ ጥርስ መወለድ ጀመሩ» ሲባል ጥርስ አልባ ዝሆኖች ከአደኑ በኋላ የመጡ ይመስላል። ከአደኑ በፊትም ነበሩ። ጥያቄዎ ውስጥ ያለው «ራሳቸውን ለማዳን» የሚለው ሐረግም መውጣት አለበት። እንስሳት ራሳቸውን ለማዳን ብለው አይለወጡም። እንዲያውም አንድ እንስሳ በሕይወት ዘመኑ በዝግመተ ለውጥ አይለወጥም። የሚለወጠው ስብስቡ (አብረው የሚዋለዱት እንስሳት በጠቅላላ) ነው፤ እሱም በትውልድ መካከል።

የዝሆኖቹን ታሪክ እንደገና ልንገርዎት። መካከለኛው ሞዛምቢክ ውስጥ ጎሮንጎሳ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። የሁለቱም ወገን ታጣቂዎች ዝሆን እየገደሉ፣ ጥርሱን እየሸጡ ጦርነቱን ይደጉሙ ነበር። ከፓርኩ ዝሆኖች ከ90 በመቶ በላይ አለቁ። በ2021 የታተመ ጥናት ከጦርነቱ በፊት የተቀረጹ ፊልሞችን አገላብጦ፣ ያኔ ከሴት ዝሆኖቹ 18.5 በመቶ ያህሉ ጥርስ እንዳልነበራቸው አገኘ። ከጦርነቱ በኋላ ቁጥሩ ወደ 50.9 በመቶ ወጣ። (ጥርስ የምለው ከአፍ ወጥቶ የሚታየውን ረጅሙን ነው። መንጋጋቸው ሙሉ ነው፤ ማኘክ አይቸግራቸውም።)

አሁን ልጆቹን እንዲህ ይጠይቋቸው። ከመቶ ሴት ዝሆኖች 18ቱ ጥርስ የላቸውም። አዳኝ መጣና ጥርስ ያላቸውን እየመረጠ ገደለ። ከተረፉት ውስጥ ጥርስ አልባዎቹ ምን ያህሉን ይይዛሉ? ነገሩ ተራ ሒሳብ ነው። አንድም ዝሆን ጥርሱን አልጣለም። ጥርስ ያላት ጥርሷን እንደያዘች ሞተች። ጥርስ የሌላት ድሮም እንደሌላት ኖረች። ተመራማሪዎቹ እንዳሰሉት በዚያ ዘመን ጥርስ አልባ ሴት ዝሆን የመትረፍ ዕድሏ ጥርስ ካላት ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። የመንጋው ቅንብር የተለወጠው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ ገና ግማሽ ነው። ባሕርዩ ወደ ልጅ የማይተላለፍ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ትውልድ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር። ለምሳሌ አዳኝ አንካሳ ዝሆኖችን ብቻ ቢተው፣ ከተረፉት የሚወለዱት ግልገሎች አንካሳ አይሆኑም። እግር መሰበር አይወረስማ። የጎሮንጎሳ ዝሆኖች ነገር ግን ተወረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ከተወለዱት ሴት ግልገሎች ሲሶው ያህል ጥርስ አልባ ሆነው አድገዋል። ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ይህ ነው፤ በአንድ ስብስብ ውስጥ የሚወረስ ባሕርይ ድርሻው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲለወጥ።

ይህ ባሕርይ የሚወረስበት መንገድ ራሱ «ራሳቸውን ለማዳን» የሚለውን ሐሳብ አፈር ያስግጠዋል። ተመራማሪዎቹ ጥርስ አልባ እናቶች የወለዷቸውን ሲቆጥሩ ወንዶቹ አነሱባቸው። ከሦስት ግልገል ሁለቱ ሴት ናቸው። ጥርስ አልባ ወንድ ደግሞ ጭራሽ አላገኙም። ለምን? ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም አላት፤ ወንድ ያለው አንድ ነው (ክሮሞዞም ዘረመልን የተሸከመ ክር ነው)። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት የዘረመል ለውጡ ያለው እዚሁ ኤክስ ላይ ነው። ሴት ግልገል ከሁለቱ በአንዱ ብትወርሰው ጥርሷ አይወጣም፤ ጤነኛው ኤክስ ግን ያኖራታል። ወንዱ መተኪያ የለውም። ከወረሰው ጽንሱ አይዘልቅም። ሰሌዳ ላይ ይሣሉት፤ ጥርስ አልባ እናት ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ፀነሰች እንበል። ከሴቶቹ አንዷ ጥርስ ታወጣለች፣ አንዷ አታወጣም። ከወንዶቹ አንዱ ይወለዳል፣ አንዱ ይጨነግፋል። በሕይወት የሚወለዱት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ሴቶች።

እስቲ አስቡት። አንድ አካል ራሱን ለማዳን አስቦ የሚለወጥ ቢሆን፣ ከወንድ ልጆቹ ግማሹን የሚያሳጣ መላ ይመርጣል? አይመርጥም። ጥርሱም ቢሆን ከንቱ አይደለም። ዝሆን ውኃ ፍለጋ መሬት የሚቆፍረው፣ የዛፍ ልጥ የሚልጠው በጥርሱ ነው። በሰላሙ ጊዜ ጥርስ አልባነት ኪሳራው ያመዝናል። ጦርነት ሲመጣ ሒሳቡ ተገለበጠ። ያው ጎጂ ባሕርይ፣ በሌላ ዘመን፣ ነፍስ አዳነ።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ፤ በዜናዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉና። የመጀመሪያው፣ ከተረፉት ሴቶች 50.9 በመቶው ጥርስ አልባ ሆነው ሳለ ከሴት ልጆቻቸው ጥርስ አልባ የሆኑት ሲሶ ያህል ብቻ ናቸው ሲባል «አደኑ ስለቆመ ወደ ቀድሞው እየተመለሱ ነው» ብለው አይደምድሙ። አንዲት ጥርስ አልባ እናት ለውጡን የምታስተላልፈው ለግማሾቹ ሴት ልጆቿ ብቻ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በመጀመሪያው ትውልድ ዝቅ ማለቱ በውርስ ሕጉ ብቻ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ስብስብ በጣም ሲያንስ የባሕርያት ድርሻ በዕድል ብቻም ይለዋወጣል። ጥይት የሳታት ዝሆን ጥርስ አልባ መሆኗ ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹ ይህንን በኮምፒውተር ፈትነውታል፤ ዕድል ብቻውን ይህን ያህል ዝላይ ሊያመጣ የሚችል ሆኖ አላገኙትም። ሌላ ቦታ ላይ ግን ዕድል ዋናው ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ያዩትን ለውጥ ሁሉ «ጠቅሞት ነው» ማለት ስህተት ነው።

ቀጣዩ የልጆች ጥያቄ ምን እንደሚሆን ካሁኑ ልንገርዎት። የመጀመሪያዋ ጥርስ አልባ ዝሆንስ ከየት መጣች? መልሱ፦ ከግልባጭ ስህተት። ሕዋስ ሲከፈል የዘር መመሪያው፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ይገለበጣል። ግልበጣው እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ ግን አንዳንዴ ይሳሳታል። ይህን ሚውቴሽን እንለዋለን። ብርቅ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ሰው እናቱም አባቱም ላይ የሌሉ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦች ይዞ ይወለዳል። እርስዎም፣ ተማሪዎችዎም፣ እኔም። አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። ጥቂቶቹ ይጎዳሉ። አልፎ አልፎ ደግሞ ባለቤቱ በተወለደበት ቦታና ጊዜ የሚጠቅም ይገኛል። ሚውቴሽን ስለተፈለገ አይመጣም፤ ስላልተፈለገም አይቀርም። ተፈጥሯዊ ምርጫ፣ ማለትም ማን ተርፎ እንደሚወልድ የሚለየው ሂደት፣ ደግሞ ወንፊት ነው፤ ወንፊት አሸዋ ይነፋል እንጂ አሸዋ አይሠራም። ሁለቱን ሥራዎች የሚያደባልቅ ሰው ነው «ዝሆኑ በምን አወቀ?» የሚል ጥያቄ ላይ መልስ የሚያጣው።

ይህ ዝም ብሎ የሚታመን ነገር ሳይሆን የተፈተነ ነው። እስከ 1940ዎቹ ድረስ ብዙ ባለሙያዎች ባክቴሪያ የሚገድለው ነገር ሲገጥመው በዚያው ተለማምዶ ይቋቋማል ብለው ያስቡ ነበር። በ1943 ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ይህ ሐሳብ እንደማያስኬድ በሙከራና በሒሳብ አሳዩ። የእነሱ ሥራ ለሰባተኛ ክፍል ይከብዳል። በ1952 ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ ያሳተሙት ግን ለልጅም ቁልጭ ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎት።

አንድ ሳህን ላይ ባክቴሪያ አራቡ። ከዚያ ከፋይ ጨርቅ ወስደው ክብ ግንድ ጫፍ ላይ ወጠሩትና ሳህኑ ላይ ቀስ አድርገው ጫኑት። የከፋዩ ጸጉር ከየቦታው ጥቂት ጥቂት ባክቴሪያ ይዞ ተነሣ። ያንኑ ጨርቅ በተራ በተራ ሌሎች ሳህኖች ላይ አተሙት፤ እነዚህኞቹ ግን ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ነበረባቸው። አሁን የመጀመሪያው ሳህን ቅጂ በሁሉም ላይ አለ፤ ሰሜኑ በሰሜን፣ ደቡቡ በደቡብ። መድኃኒቱ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ገደለ። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጠብጣቦች ብቻ በቀሉ። የሚገርመው፣ ነጠብጣቦቹ የበቀሉት በየሳህኖቹ ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነበር። መቋቋሙ የመጣው መድኃኒቱን ካዩ በኋላ ቢሆን ኖሮ በአንዱ ሳህን ቀኝ፣ በሌላው ግራ ይበቅሉ ነበር። ቦታው አንድ መሆኑ የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች መጀመሪያውኑ በዋናው ሳህን ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ እንደነበሩ ይናገራል። ሌደርበርጎች በዚህ አላበቁም። ምንም መድኃኒት ወዳልነካው ወደ ዋናው ሳህን ተመለሱ። ከዚያ ቦታ ላይ ባክቴሪያ እየወሰዱ አራቡ። ሥራውን ደጋግመው በመጨረሻ ስትሬፕቶማይሲን በዘር ሐረጉ ነክቶት የማያውቅ፣ ግን የሚቋቋም ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። መላው መሣሪያቸው ሳህንና ከፋይ ነው። እኔ በግሌ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ በዘርፉ ብዙ አላውቅም።

በዚህ አጋጣሚ «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» የሚለውን አባባል እናርም፤ ሕይወት ያለበት ጉዳይ ነውና። አንቲባዮቲክ መሥራት ሲያቆም የለመደው ሰውነትዎ አይደለም። ባክቴሪያዎቹም አንድ በአንድ አልለመዱትም። የማይቋቋሙት አለቁ፤ ከድሮም የሚቋቋሙት ጥቂቶች ቦታውን ወረሱ። በዚህ ላይ ባክቴሪያዎች የመቋቋሚያ ዘረመልን ለጎረቤታቸው ያቀብላሉ፤ ይህን ዝሆን አይችልም። ስለዚህ ጉንፋን በያዘዎት ቁጥር አንቲባዮቲክ ሲወስዱ፣ ጉንፋኑን የሚያመጣውን ቫይረስ ሳይነኩ አንጀትዎ ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች እያጣሩ ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይውሰዱ። ከሰው የተረፈም አይዋሱ።

ብዙ መምህራን የሚስቱት ሌላም ነገር አለ። ዝግመተ ለውጥ ወደ ተሻለ፣ ወደ ብልህ፣ ወደ ፍጹም የሚወስድ መሰላል አድርገው ያቀርቡታል። አቅጣጫ የለውም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ካሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች አንዷን፣ ዳፍኔ ሜጀርን፣ ይውሰዱ። ተመራማሪዎቹ ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት ከ1973 ጀምሮ እዚያ ያሉትን ፊንች የሚባሉ ትናንሽ ወፎች ቀለበት እያሰሩ፣ ምንቃራቸውን እየለኩ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በ1977 ድርቅ መታ። ትናንሽና ለስላሳ ዘሮች አለቁ፤ የቀረው ትልቅና ጠንካራው ነው። እሱን መስበር የሚችለው ደግሞ ወፍራም ምንቃር ያለው ነው። አብዛኞቹ ወፎች ሞቱ። የተረፉት የወለዷቸው ጫጩቶች ከድርቁ በፊት ከነበሩት ወፎች በአማካይ ወፈር ያለ ምንቃር ነበራቸው። «ይኸው፣ ምንቃር እየጠነከረ ሄደ» ይሉ ይሆናል። ግን በ1983 ኤልኒኞ ይዞት የመጣው ዝናብ ደሴቷን አጥለቀለቃት። ትናንሽ ዘሮች ሞሉ። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት የሚሻላቸው አነስ ያለ ምንቃር ያላቸው ሆኑ፤ አማካዩም ወደ ኋላ ተመለሰ። የትኛው ምንቃር «ይሻላል»? የዚያ ዓመት ዝናብ ይወስነዋል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልምጣ። መለወጥ ከቻሉ ለምን ይጠፋሉ? በምድር ላይ ከኖሩት ዝርያዎች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠፍተዋል ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ መጥፋት የተለመደው ዕጣ ነው፤ መትረፍ ነው ማብራሪያ የሚፈልገው። ለውጥ እንዲመጣ ብዙ ነገር መገጣጠም አለበት። በስብስቡ ውስጥ የሚጠቅመው ልዩነት አስቀድሞ መኖር አለበት፤ ከሌለ ወንፊቱ የሚያስቀረው ነገር የለም። ስብስቡ ብዙ መሆን አለበት፤ ጥቂት ከሆኑ አዲስ ሚውቴሽን የመምጣት ዕድሉም ጥቂት ነው። ትውልዱም ፈጣን መሆን አለበት፤ አደጋው ከመውለዳቸው ከፈጠነ ቀደማቸው ማለት ነው። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ባለች አንዲት ትንሽ የኮራል ደሴት ብቻ ይኖር የነበረው ብራምብል ኬይ ሜሎሚስ የተባለ አይጥ መሰል እንስሳ ከፍ እያለ የመጣው ባሕር መኖሪያውን ደጋግሞ አጠበበት። በ2019 የአውስትራሊያ መንግሥት ጠፍቷል ብሎ አወጀ። መዋኘትን የሚያስተምር ሚውቴሽን አልመጣለትም። ይመጣልኛል ብሎ የሚጠብቅበት ጊዜም አልነበረውም።

የፍጥነቱን ነገር በቁጥር ለማየት፣ ተመራማሪው ሪቻርድ ሌንስኪ በ1988 የጀመረውን ሙከራ ከዝሆን ጋር ያነጻጽሩ። ሌንስኪ ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ በ12 ጠርሙሶች ለየብቻ ማራባት ጀመረ። በየቀኑ ስድስት ተኩል ያህል ትውልድ ይተካል። ፈሳሹ ውስጥ ስኳር አለ፤ ሲትሬት የሚባል ንጥረ ነገርም አለ። ይህ ባክቴሪያ ኦክስጅን ባለበት ሲትሬትን መመገብ አይችልም። ከ31,000 ትውልድ በኋላ ግን ከ12ቱ ጠርሙሶች በአንዱ ውስጥ ሲትሬት የሚበላ ተነሣ። በአንዱ ብቻ! 11ዱ ያው ምግብ ከፊታቸው እያለ፣ ያን ሁሉ ትውልድ ቆይተው፣ አላገኙትም። ዝሆን ደግሞ 22 ወር አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ አንድ ትውልድ ለመተካት 25 ዓመት ያህል ይወስዳል። 31,000 ትውልድ ለዝሆን ከ700,000 ዓመት በላይ ነው። የጎሮንጎሳ ዝሆኖች በ15 ዓመት ውስጥ የተለወጡት ጥርስ አልባነት ቀድሞ ስለነበራቸው ብቻ ነው። ባይኖራቸው ኖሮ ያልቁ ነበር። «እንስሳት ይላመዳሉ፣ አይዞን» እያሉ የሚያጽናኑ ሰዎች ይህን ሒሳብ አልሠሩም።

እስካሁን ያወራነው በአንድ ዝርያ ውስጥ ስላለ ለውጥ ነው። ጥርስ አልባዋም ዝሆን ናት፤ ምንቃሩ የወፈረውም ያው ፊንች ነው። አዲስ ዝርያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስብስብ ለሁለት ሲከፈልና እርስ በርሱ መዋለድ ሲያቆም ነው። ከዛሬ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፓናማ ልሳነ ምድር ከባሕር ወጥቶ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን አገናኘ። ለየብስ እንስሳት ድልድይ፣ ለባሕር እንስሳት ግን ግንብ ሆነ። በሁለቱ ወገን አንዱን ቆንጣጭ እጃቸውን በኃይል ገጥመው የሚያጮሁ ሽሪምፕ የሚባሉ፣ የሸርጣን ዘመድ የሆኑ ትናንሽ የባሕር እንስሳት አሉ። በፓስፊክ በኩል ያለው ዓይነት በካሪቢያን በኩል ወንድሙ የሚባል አምሳያ አለው። ተመራማሪዎች ከሁለቱም ወገን ወስደው አንድ ላይ ሲያደርጓቸው አብዛኞቹ ጥንዶች አልተጣመሩም፤ ተጣሉ። ከተጣመሩትም ዘር ያፈሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ማንም እንዲለያዩ አልፈለገም። በየወገናቸው የተለያየ ሚውቴሽን ተጠራቀመ፣ የተለያየ ወንፊት ነፋቸው፣ ዕድሉም ተጨመረበት፤ ሲገናኙ ተፈላላጊ መሆናቸው ቀረ።

የዝንጀሮው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ሰው ዛሬ ካሉት ዝንጀሮዎችም ሆነ ቺምፓንዚዎች አልመጣም። የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ሐረግ ከዛሬ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት ተለያየ። ከዚያ ወዲህ እነሱም በራሳቸው መንገድ ሲለወጡ ኖረዋል፤ እኛን ለመሆን ተሰልፈው የሚጠብቁ አይደሉም። ማስረጃ ከተጠየቁ አንዱን ብቻ ይንገሯቸው። ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 ክሮሞዞም አላቸው፤ ሰው 46። የኛ ሁለተኛው ክሮሞዞም በእነሱ ለየብቻ የቀሩት ሁለት ክሮሞዞሞች በኛ የዘር ሐረግ ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው የሠሩት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በክሮሞዞም ጫፍ ላይ የሚገኘው የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በዚህኛው መሐል ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ መጋጠሚያው እዚያ ነው።

አሁን «ለልጆቹስ ምን ብዬ ላስረዳ?» ላሉት። የጎሮንጎሳን ምሳሌ አይጣሉት፤ በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው። የአነጋገሩን ቅደም ተከተል ግን ይገልብጡት። ሁልጊዜ የሚጀምሩት «ከአደኑ በፊት ስንቶቹ ጥርስ አልነበራቸውም?» ብለው ይሁን። ከዚያ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ልጆቹ ምን ወረሱ የሚለውን በተራ ይጠይቁ። «እንዲህ ለማድረግ ሲል እንዲህ ሆነ» የሚለውን አገላለጽ ከክፍልዎ ያስወጡት። መጽሐፍ ላይም ሲያገኙት ልጆቹ እንዲያርሙት ያድርጉ። የቀጭኔን አንገት እንደ መክፈቻ ምሳሌ አይጠቀሙ፤ ልጁ ወዲያው የሚያስበው ተንጠራርታ የረዘመች አንዲት ቀጭኔን ነው፣ ያንን ሥዕል ከጭንቅላቱ ለማውጣት ዓመት ይፈጃል።

ከዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ለጨዋታ ይስጡ። አረንጓዴ ጨርቅ መሬት ላይ ያንጥፉ። 40 ቀይና 10 አረንጓዴ የወረቀት ቁራጮች ይበትኑበት። አራት ልጆች አዳኝ ይሁኑ፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያገኙትን እያነሡ 30 ቁራጭ ሲሞላ ይቁም። የተረፉትን 20 ቁራጮች ቀለማቸውን ይቁጠሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ተመሳሳይ ቀለም «ልጅ» ይጨምሩለትና እንደገና ይበትኑ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አዳኞቹ 20 ያንሡ። ድርሻው በየዙሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በሦስት ዙር ውስጥ ጨርቁ በአብዛኛው በአረንጓዴ ይሞላል፤ አንድም ወረቀት ግን ቀለሙን አልቀየረም። ከዚያ ጨርቁን በቀይ ይቀይሩትና ይቀጥሉ፤ ቀዮቹ ሁሉ አልቀው ከነበረ የሚሆነውን ልጅቷ ራሷ ታየዋለች።

ይህ ጨዋታ የሚያሳየው ወንፊቱን ብቻ ነው። ሚውቴሽንን አያሳይም፤ እሱን ካልጨመሩ ልጆቹ ልዩነት ሁሉ ድሮ ተፈጥሮ ያለቀ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በአንዱ ዙር መካከል ማንም ያልጠበቀው ቀለም ያለው አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ ሰማያዊ፣ ጣል ያድርጉ። ጠቃሚ ቀለም አይምረጡለት፤ ልዩ ልዩ ቀለም ካለበት ቦርሳ ዓይንዎን ጨፍነው ያውጡት። አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዙር ይነሣና ይጠፋል። ልጆቹ «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ቢሉ አይዘኑ፤ አብዛኞቹ አዳዲስ ሚውቴሽኖችም የሚገጥማቸው ይኸው ነው።